መልስ፦ ፒንችፍላት የቻናሉን የድሮ ቪዲዮ ሁሉ እንዳያወርድ

ፒንችፍላት (የዩቲዩብ ቻናሎችን እየተከታተለ ቪዲዮ በራሱ የሚያወርድ ፕሮግራም) የቻናሉን የድሮ ቪዲዮ ሁሉ አውርዶ ዲስኬን ሞላው ብለህ ነበር የጠየቅከው። ቻናሉን ስትጨምር የመነሻ ቀን ስላልሰጠኸው ነው የሞላው። ባዶ ከተተወ ከመጀመሪያው ቪዲዮ ጀምሮ ያወርዳል።

1. መጀመሪያ የምትፈልጋቸውን የወረዱ ቪዲዮዎች ሌላ ፎልደር ውስጥ ኮፒ አድርግ።
2. ቻናሉን ኤዲት በለውና የማውረጃ መነሻ ቀኑ ላይ የዛሬን ቀን ሙላ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር! የኛን ዓመት ካስገባህ ወደ ኋላ ሄዶ የሰባት ስምንት ዓመት ቪዲዮ ይጎትትብሃል።
3. እዚያው ገጽ ላይ የማቆያ ቀናት የሚል ቦታ አለ። 30 ካልከው ከወረደ 30 ቀን የሞላውን ራሱ ያጠፋል። ለዜናና ለፖድካስት ቻናል ይሄ ግድ ነው፤ ለትምህርት ቪዲዮ ግን ባዶውን ተወው።

ጥራቱንም ከፕሮፋይሉ (የማውረጃ ቅንብሮቹ ካሉበት) ላይ ወደ 720 አውርደው። በስልክ ለሚታይ ነገር ከዚያ በላይ ትርፉ ዳታ መጨረስ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ዩቲዩብ «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» ሲልህ ብዙ ሰው ኩኪ (ብራውዘርህ ላይ ወደ አካውንትህ መግባትህን የሚያሳይ ፋይል) አስገባ ይልሃል። ይሠራል፤ ግን በዋናው የጂሜይል አካውንትህ እንዳታደርገው። ብዙ ስታወርድ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል። የግድ ከሆነ ለዚሁ ብቻ ሌላ አካውንት ክፈት። ብዙ ጊዜ ግን ኮንቴይነሩን (ፒንችፍላት የሚሠራበትን የዶከር ጥቅል) አፕዴት አድርጎ ማውረዱን ትንሽ ረገብ ማድረግ ይበቃል።