ዲስኩ ላይ የሚጽፈው ማን ነው?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቤትህ ሚኒ ፒሲ ላይ ኦፒኤንሴንስ (የፋየርዎል ሲስተም) ጭነሃል፤ ዲስኩ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ነው። ስምንት ወር ሠርቶ የስማርት ሪፖርቱን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን መዝገብ) ስታየው 11 ቴራባይት ተጽፎበታል፣ ከዕድሜውም ከሩብ በላይ አልቋል ይላል። "በወር 200 ጊጋ እንኳን ኢንተርኔት አንጠቀምም፣ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? ተጠልፌ ይሆን?" ነው ያልከው።

የመጠለፍ ምልክት አይመስለኝም። ይሄ ነገር እኔም ላይ ደርሷል፤ አንድ ዲስክ በልቶብኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በፋየርዎሉ የሚያልፈው ትራፊክ ዲስክ ላይ አያርፍም። ፓኬቱ በአንዱ የኔትወርክ ካርድ ይገባል፣ ራም ላይ ከሩሎቹ (ይለፍ ወይም ይታገድ ከሚሉት ደንቦች) ጋር ይነጻጸራል፣ በሌላው ካርድ ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ብታወርድ ዲስኩ አያውቀውም። ስኩዊድን (የታዩ ገጾችን ለድጋሚ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) ከነዲስክ ካሹ ከጫንክ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን አልጠቀስከውም። ስለዚህ የኢንተርኔት ፍጆታህን ከ11 ቴራው ጋር ማስተያየት የትም አያደርስህም።

ይልቅ ቁጥሩን ወደ ሰከንድ አውርደው። 11 ቴራ ለስምንት ወር ሲካፈል በቀን 45 ጊጋ ገደማ ነው። በሰከንድ ደግሞ 500 ኪሎባይት አካባቢ። አንድ ፎቶ አትሞላም! ግን እንቅልፍ የላትም፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ናት።

ደግሞ ዲስኩን አዲስ ነው የገዛኸው ወይስ ያገለገለ? ስማርት ላይ የበራበትን ሰዓት ተመልከት። ስምንት ወር ሳያቋርጥ ከሠራ 5,800 ሰዓት አካባቢ መሆን አለበት። 20,000 ምናምን ካለ ከ11 ቴራው የሚበዛው የቀድሞው ባለቤት ሥራ ነው። አንዳንድ ዲስክ ደግሞ የተጻፈበትን የሚቆጥርበት መለኪያ ከሌላው ይለያል፤ ስለዚህ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አትመን። ዛሬ አንድ ጊዜ፣ ነገ በዚሁ ሰዓት አንድ ጊዜ መዝግብና ልዩነቱን አስላ።

አሁን የኔን ልንገርህ። የጀመርኩት ከቢሮ በወጣች አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። 4 ጊጋ ራም፣ ርካሽ 120 ጊጋ ኤስኤስዲ። እንደ ማንኛውም ጀማሪ ያየሁትን ቁልፍ ሁሉ አበራሁት። ኔትፍሎው (የትራፊክ መዝጋቢ)፣ የዲኤንኤስ ሪፖርት (የተጠየቁ የድረ ገጽ ስሞች መዝገብ)፣ ሱሪካታ (ጥቃት መፈለጊያ)፣ የቀረኝ የለም። ግራፉ ደግሞ ሲያምር! እንግዳ ሲመጣ ሁሉ አሳይ ነበር። አንድ ቀን የፋየርዎሉ ገጽ አልከፈት አለኝ። ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል። ልጆቹ ቪዲዮ ያያሉ፣ ባለቤቴ ከእህቷ ጋር ታወራለች። "ቅዳሜ አየዋለሁ" ብዬ ተውኩት። ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ። ሲመጣ ማሽኑ አልነሣ አለ። ስክሪን ሰካሁበት፤ የሚነሣበት ዲስክ አላገኘሁም ይላል። ለካ ዲስኩ ከሞተ ቀናት አልፈውታል። ፋየርዎሉ ሲሄድ የነበረው ራም ላይ በቀረው ብቻ ነበር።

ባክአፕ? የለኝም። ያቺ ቅዳሜ ሩሎቹን ከጭንቅላቴ ስጽፍ አለፈች። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሌላውን ከመነካካትህ በፊት ሲስተም፣ ኮንፊገሬሽን፣ ባክአፕስ ገብተህ ፋይሉን አውርድና ስልክህ ላይ አስቀምጥ። ትንሽዬ ፋይል ናት።

አዲሱን ዲስክ ስገጥም እልህ ያዘኝና መለካት ጀመርኩ። አንተም ከዚህ ጀምር። ኮንሶሉ ላይ 8 ቁጥርን መርጠህ ሼል (ትዕዛዝ መጻፊያው) ግባ። ፋይል ሲስተምህ (ዲስኩ ላይ ፋይል የሚቀመጥበት ሥርዓት) ዜድኤፍኤስ ከሆነ ዜድፑል አይኦስታት የሚለውን ትዕዛዝ ከኋላው 60 ጨምረህ ስጠው። በየደቂቃው አንድ መስመር ያወጣል። የመጀመሪያው መስመር ማሽኑ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው፤ ብዙ ሰው እሱን አይቶ ይደነግጣል። የአሁኑ ከሁለተኛው መስመር ይጀምራል። ሁለቱ ከተቀራረቡ ግን የሚጽፈው ነገር ቀን ከሌት የማያርፍ ነው ማለት ነው። የኔ ሁለቱም በሰከንድ 600 ኪሎባይት አካባቢ ነበሩ። ዩኤፍኤስ ከሆነ ጂስታት የሚለውን ትዕዛዝ ተጠቀም።

ቀጥሎ ቶፕን (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን ትዕዛዝ) ክፈትና "ኤም" የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫን። ከሲፒዩ ወደ ዲስክ ንባብና ጽሕፈት ይቀየርልሃል። እኔ ስከፍተው አናቱ ላይ ፓይተን የሚል ስም ቁጭ ብሏል። ፓይተን ማለት ምንም ማለት አይደለም፣ ግማሹ ኦፒኤንሴንስ በሱ የተጻፈ ነው። "ኤ"ን ስጫን ሙሉ ስሙ መጣ፤ ፍሎውዲ አግሪጌት። የኔትፍሎው ሰብሳቢ። ቶፕ የሚነግርህ ማን "ጻፍልኝ" እንዳለ እንጂ ዲስኩ ላይ በመጨረሻ ስንት እንዳረፈ አይደለም፤ እንደ ጥቆማ ውሰደው። ለማረጋገጥ በፋይንድ ትዕዛዝ ቫር ፎልደር ውስጥ ባለፉት ሁለት ደቂቃ የተነኩ ፋይሎችን አውጣ። የኔ ዝርዝር ውስጥ የኔትፍሎው ዳታቤዞች ተሰልፈው አገኘኋቸው።

ይሄ ሰብሳቢ እያንዳንዱን ግንኙነት ከየት ወደ የት፣ በየትኛው ፖርት፣ ስንት ባይት እያለ ዳታቤዝ ላይ ይደምራል። የሚጽፈው ትንሽ በትንሽ ነው። ችግሩ ዜድኤፍኤስ የነበረውን እላዩ ላይ አይሰርዝም። ደብተር ላይ አንድ ፊደል ለማረም ገጹን ሙሉ በሙሉ አዲስ ወረቀት ላይ እንደሚገለብጥ ሰው አስበው፤ ከዚያ ማውጫውን፣ ከዚያ የማውጫውን ማውጫ ያድሳል። በነባሪ አንድ ገጽ እስከ 128 ኪሎባይት ነው። ጥቂት ባይት ለመቀየር ይሄ ሁሉ ጣጣ። ለዚህ ነው ዳታቤዞቹ ራሳቸው ብዙም ሳያድጉ የተጻፈው የሚከመረው። እኔም መጀመሪያ የፋይሎቹን መጠን አይቼ "ይሄማ አይሆንም" ብዬ አልፌያቸው ነበር።

ሪፖርቲንግ ስር ኔትፍሎው ገብቼ እዚሁ ማሽን ላይ የሚሰበስበውን ምልክት አነሣሁ። ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ፤ 210 ኪሎባይት።

ሁለተኛው ሌባ ሎግ ነው። ፋየርዎሉ በነባሪ ሩል ያገደውን ፓኬት ሁሉ ይመዘግባል። ላይቭ ቪው ላይ ለአምስት ደቂቃ ቁጭ ብለህ ብታይ ይገባሃል። የኔ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ከሞደሙ ዋይፋይ ጋር ነበር የተገናኘው። "ማን አለ? ማን አለ?" እያለ ወደ 239.255.255.250 በ1900 ፖርት ይጮሃል፤ ሞደሙም በበኩሉ ወደ 224.0.0.1 ይልካል። ፋየርዎሉ ሁለቱንም አግዶ እያንዳንዷን ይጽፋል። አንዳንዱ ሰው ነባሪውን ሎግ ጭራሽ አጥፋው ይላል። እኔ አልወደውም፤ አንድ ነገር አልሠራ ሲል መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ለነዚህ ለሁለቱ ብቻ ሎግ የሌለው የማገጃ ሩል ዋን (ከኢንተርኔት የሚገባው በር) ላይ ሠራሁ። የግል ኔትወርኮችን ማገጃው ከበራ ግን ከሞደም የሚመጣውን ቀድሞ የሚይዘው እሱ ነው። የሎግ ምልክቱ ለብቻው ፋየርዎል፣ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ውስጥ አለልህ። በዚህ ወደ 130 ወረደ።

ሦስተኛው የዲኤንኤስ ሪፖርት ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ ዳታቤዝ ላይ ያስቀምጣል። ዘመናዊ ስልክ ኪስ ውስጥ ተኝቶ እንኳን ምን ያህል እንደሚጠይቅ ስታይ ትገረማለህ። ሪፖርቲንግ፣ ሴቲንግስ ላይ ታጠፋዋለህ። ልጆች ቤት ካሉ ልትፈልገው ትችላለህ፣ እሱ ያንተ ውሳኔ ነው። እኔ ግን በስድስት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ከፈትኩት ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ሁለት ነበር። አጠፋሁት። 60 ኪሎባይት።

ዜንአርሞር ወይም ኤንቶፕኤንጂ (ትራፊክ መከታተያ ፕሮግራሞች) ጭነህ ከሆነ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ትተህ ከነሱ ጀምር። ሁለቱም የራሳቸውን መረጃ ያለማቋረጥ ዲስክ ላይ ያጠራቅማሉ።

ራምም እይ። በ4 ጊጋ ላይ ሱሪካታ ስጭን ማሽኗ ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚተካ የዲስክ ቦታ) መጠቀም ጀምራ ነበር፤ ያ በቀጥታ ዲስክ ላይ መጻፍ ነው። ቶፕ ላይ የስዋፕ መስመር ዜሮ ካልሆነና እያደገ ከሄደ ወይ ራም ጨምር ወይ ሱሪካታን ቀንስ።

ከታች "ራም ዲስክ አብራ፣ ተገላገል" ያሉህ ወንድሞች አሉ፤ ሎጉ ዲስክ ላይ ሳይሆን ራም ላይ ይቀመጥ ማለታቸው ነው። ለቫር ሎግ ፎልደር ይሠራል፣ አልክድም። ግን የኔትፍሎውና የዲኤንኤሱ ዳታቤዞች ያሉት እዚያ ፎልደር ውስጥ አይደለም፤ ስለዚህ ዋናዎቹ ጸሐፊዎች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር ሎጉ ይጠፋል። እኔ ሎግ የምፈልገው ደግሞ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ነው። ስለዚህ አላበራሁትም።

መጨረሻ ላይ የነካሁት የዜድኤፍኤስን የጽሕፈት ሰዓት ነው። በነባሪ በየ5 ሰከንዱ ራም ላይ ያጠራቀመውን ወደ ዲስክ ያወርዳል። ሲስተም፣ ሴቲንግስ፣ ቱነብልስ ውስጥ በቲኤክስጂ ታይምአውት የሚጨርሰውን ወደ 30 ቀየርኩት። ወጪው ግልጽ ነው፤ መብራት ድንገት ቢሄድ እስከ 30 ሰከንድ ያህል ያልወረደ ነገር ይጠፋል። ለቤት ሎግ ጉዳት የለውም፣ ለዚያውም ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የምትይዝ ባትሪ) አለችኝ። አንዳንድ ዳታቤዝ ግን "አሁኑኑ ጻፍ" ብሎ ስለሚያስገድድ ይሄን ሰዓት አይጠብቅም፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ጸሐፊዎቹን ያጠፋሁት። አሁን ያለሁት 20 ኪሎባይት አካባቢ ነው። በቀን ሁለት ጊጋ አይሞላም።

ሁሉንም በአንድ ቀን አታጥፋ። አንዱን ታጠፋለህ፣ ትለካለህ፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። አለዚያ የትኛው እንደነበረ ሳታውቅ የሚጠቅምህንም አብረህ ትጥላለህ።

ኔትፍሎውን ብቻ አጥፍተህ ከ10 ደቂቃ በኋላ ዜድፑል ያሳየህን ሁለተኛ መስመር እዚህ ጻፍልኝ። ራምህ ስንት እንደሆነም አልነገርከንም።