ሰኞ ሰኞ የሚጎድል ሂሳብ

ሰሞኑን ደሴ አንድ ወጣት ፕሮግራመር «ጋሼ፣ ፒንጉ ደህና ነው፤ አፑ ግን ይንቀራፈፋል። ምን ይሻለኛል?» አለኝ። ፒንግ አንዲት ትንሽ መልእክት ሰርቨር ጋ ደርሳ ለመመለስ የሚፈጅባት ጊዜ ነው። እሱ ስለ አፑ ያወራል፤ የእኔ ሐሳብ የዛሬ 20 ዓመት ግድም የማውቃት አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ጋ ሄዷል።

ያኔ ለአንድ የቁጠባ ድርጅት ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ሰርቨሩ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ ደሴ፤ መሃል ላይ ቪሳት፣ ማለትም በሳህን አንቴና የሚሠራ የሳተላይት መስመር። ሳተላይቱ ያለው 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ጥያቄው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መልሱም እንደዚያው። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰከንድ ግድም ይፈጃል። እኔ ደግሞ የሞከርኩት አዲስ አበባ፣ ሰርቨሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ነካ ሲያደርጉት መልሱ ከች ይላል! መልስ በ5 ሰከንድ ካልመጣ ጥያቄው ይደገም አልኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ሰልፉ በር ድረስ። መስመሩ ይጨናነቃል፤ ከዘነበማ አይነሳ። ልጅቷ ከደንበኛ 500 ብር ትቀበላለች። ሰርቨሩ መዝግቦታል፤ የዘገየው መልሱ ብቻ ነው። የእኔ ጉድ ግን አልደረሰም ብሎ ይደግመዋል። መዝገቡ 1,000 ይላል፣ መሳቢያው ውስጥ 500 አለ። ማታ ሂሳብ ስትዘጋ ጎደለባት። በሌላ ሰኞም ጎደለባት። ከደመወዟ ተቆረጠ።

ኃላፊው ደወለልኝ። የመልሱን አማካይ ጊዜ አየሁ፤ አንድ ሰከንድ አይሞላም። «ሲስተሙ ደህና ነው» አልኩት። የሰኞዎቹ ስድስትና ሰባት ሰከንዶች በሳምንቱ ፈጣኖች ተውጠው ነበር።

ከወራት በኋላ ሎጉን፣ ሲስተሙ የሠራውን ከነሰዓቱ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ስገልጥ አገኘሁት። ያው ደብተር፣ ያው 500 ብር፣ በመሃላቸው 5 ሰከንድ። ኮዱን ድምፄን አጥፍቼ አስተካከልኩ። ልጅቷ ሥራ ለቃለች ተባለ። ቪሳቱ ሲያስቸግረኝ እየሳቀች «አብሽር» የምትለኝ እሷ ነበረች።

የዛሬ ልጆች ስፒድ ቴስት ትወዳላችሁ። እዚያ ላይ ጎልቶ የሚታየው ቁጥር ግን የመስመሩ ስፋት ነው። የደሴ ኮምቦልቻ መንገድ ቢሰፋ ብዙ መኪና ያሳልፋል እንጂ ኮምቦልቻን ወደ ደሴ አያስጠጋትም። ደንበኛው ቁልፉን ከነካበት መልሱ እስኪታየው ድረስ ለኩ፤ በአንድ ማሽን ሰዓት። የሁለት ኮምፒውተር ሰዓት አይገጥምም። ከ100 ጥያቄ ቀርፋፋዎቹን አንድ ሁለቱን እዩ። ጥያቄ አትድገሙ። እርግጥ እኔ ዛሬም እደግማለሁ፤ ግን እያንዳንዱ ገቢ ከገንዘብ ተቀባዩ ማሽን የራሱን ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ሲደገምም ቁጥሩ ያው ነው። ሰርቨሩ ቁጥሩን ካወቀው የፊተኛውን መልስ ይልካል እንጂ ሁለተኛ አይመዘግብም።

ልጁን ፒንጉን ተወውና አንዱ ገጽ ስንት ጊዜ ደርሶ መልስ እንደሚል ቁጠር አልኩት። ማታ ደወለ፤ 43 ጊዜ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም ሳቅሁ።

የልጅቷን ግን እስካሁን ለማንም አልነገርኩም። ሁለት ሰኞ፣ 1,000 ብር ነው።