ስክሪፕቴ ምን ሆነ? የጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ስክሪፕት (ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸው ኮማንዶች ማለትም ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) መጻፍ የጀመራችሁ ጥያቄ ካላችሁ አምጡ ብዬ ነበር። እንደ ጎርፍ መጣ። የቻልኩትን እነሆ። ኮማንዶቹን በምንጠራቸው ስም ነው የጻፍኳቸው፤ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል እንደምትጽፏቸው ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል። «ስክሪፕቴ ተበላሸ» ብላችሁ ከላካችሁልኝ ውስጥ የአብዛኛው ስክሪፕት ደህና ነው። የታመመው ፋይሉ ነው።

ጥያቄ፦ ስክሪፕቱን ዊንዶውስ ላይ ጻፍኩት። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ራን ሳደርገው «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይለኛል። ፋይሉ እኮ እዚያው ቁጭ ብሏል! ላብድ ነው።

መልስ፦ አይዞሽ፣ አትበጂ። ፋይሉ አለ። የሌለው ሌላ ነው።

ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ 2 የማይታዩ ምልክቶች ያስቀምጣል። ቁጥራቸው 13 እና 10 ነው። ሊኑክስ 10ን ብቻ ነው የሚያውቀው። ነገሩ ከቴሌታይፕ ዘመን የተረፈ ነው፦ 13 የማተሚያውን ጭንቅላት ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሰዋል፣ 10 ወረቀቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ማሽኑ ጠፋ፣ ምልክቶቹ ቀሩ።

አሁን የስክሪፕትሽን የመጀመሪያ መስመር አስቢ። «ይህን በባሽ አስኪደው» የሚለውን ማለቴ ነው፤ ባሽ ትእዛዞችሽን የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ያንን ሲያነብ የሚፈልገው ባሽን አይደለም፤ መጨረሻው ላይ 13 የተለጠፈበት «ባሽ» የሚባል ፕሮግራም ነው። እንዲህ የሚባል ደግሞ እውነትም የለም። ኤረሩ አልዋሸሽም፤ የቱ ፋይል እንደጠፋ ብቻ አልነገረሽም።

ለማየት ካትን (የፋይል ይዘት የሚያሳየውን ኮማንድ) ከትልቁ «ኤ» አማራጭ ጋር ተጠቀሚ፤ አማራጭ የምለው ከኮማንዱ ስም ቀጥሎ በሰረዝ የሚጻፈውን ፊደል ነው። በየመስመሩ መጨረሻ የቆብ ምልክትና (^) «ኤም» ካየሽ እሱ ነው። ዶስ2ዩኒክስ የሚባለው ኮማንድ በአንድ ጊዜ ያጸዳልሻል። እኔ መጀመሪያ የገጠመኝ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ የፋይል ፈቃድ ስቀያይር ነው ያነጋሁት። የፈቃድ ችግር አልነበረም።

ጥያቄ፦ የስም ዝርዝር አለኝ። ድግግሞሹን እንዲያጠፋ ዩኒክን ሰጠሁት። ግማሹን አጥፍቶ ግማሹን ተወው። ለምን?

መልስ፦ ዩኒክ ጎረቤቱን ብቻ ነው የሚያየው። አንድ ስም 1ኛ እና 50ኛ መስመር ላይ ካለ አያገናኛቸውም። መጀመሪያ ሶርት አድርግ (መስመሮቹን በተራ ደርድር)፣ ከዚያ ስጠው። ወይም ሶርትን ራሱን ከ«ዩ» አማራጭ ጋር ጥራው፤ ሁለቱንም ይጨርስልሃል።

ከሶርት በኋላም ድግግሞሽ ካየህ የመስመሮቹን መጨረሻ እይ። አንዱ ስም ባዶ ቦታ ተከትሎት ይሆናል። ለአንተ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ሶርት አድርጌ ውጤቱን በ«>» ምልክት ወደዚያው ፋይል መለስኩት። ፋይሉ ባዶ ሆነ። ይመለሳል?

መልስ፦ ኮፒ ካልያዝክ አይመለስም። አዝናለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ሼሉ (የምትጽፈውን ኮማንድ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው፣ እንደ ባሽ ያለው ፕሮግራም) «>»ን ሲያይ ከሁሉም በፊት የመድረሻውን ፋይል ባዶ ያደርጋል። ሶርት ገና ከዚያ በኋላ ነው የሚነሳው። ሲደርስ የሚያነበው የለም። ሶርት ለዚሁ ብሎ የ«ኦ» አማራጭ አለው፤ በእሱ ወደዚያው ፋይል መመለስ ትችላለህ። ለሌሎቹ ኮማንዶች ግን ወደ አዲስ ስም ጻፍ፣ ውጤቱን አይተህ ስም ቀይር። ሴድን (ጽሑፍ የሚተካውን ኮማንድ) በ«አይ» አማራጭ ፋይሉን እዚያው ስታስቀይረውም አማራጩ ላይ አንድ ቅጥያ ለጥፍበት፤ የድሮውን ፋይል በዚያ ስም ያስቀምጥልሃል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፋ ካለ በኋላ ነው ይህን ነገር የጀመርኩት፣ ቀላል ጥያቄ ከሆነ ይቅርታ። «ሰላም» የሚለው ቃል 3 ፊደል ነው። በኢኮ (የሰጡትን መልሶ በሚጽፈው ኮማንድ) አስተላልፌ ደብልዩሲን (የሚቆጥረውን) በ«ሲ» ብጠይቀው ግን 10 አለኝ። ከየት ያመጣዋል?

መልስ፦ ጥያቄዎ ቀላል አይደለም፣ ይቅርታም አያስፈልገውም። ይህን ሳያውቁ ዓመታት በሙያው የቆዩ አሉ።

የ«ሲ» አማራጭ የሚቆጥረው ፊደል አይደለም፣ ባይት ነው፤ ኮምፒውተሩ ጽሑፍን የሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ። ፋይልዎ የተጻፈው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አሠራር ነው፤ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 የነደፉት። በዚህ አሠራር የላቲን ፊደል 1 ባይት ይይዛል፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት። ሦስት ጊዜ ሦስት 9። ኢኮ ከኋላው የሚጨምረው የመስመር ማብቂያ 1። ይኸው 10 ሆነ። በ«ሲ» ፋንታ «ኤም» ይበሉት፤ ቋንቋው በትክክል በተዋቀረ ማሽን ላይ 4 ይልዎታል። ያው 3 ፊደልና ማብቂያው።

ይህ ለማወቅ ያህል ብቻ አይደለም። ከት የሚባለውን ኮማንድ «የመጀመሪያዎቹን 5 ፊደላት ስጠኝ» ቢሉት ብዙ ሊኑክስ ላይ የሚሰጥዎ 5 ባይት ነው። አንድ ሙሉ ፊደልና የሌላው ፊደል ቁራጭ ማለት ነው። ስክሪን ላይ ጥያቄ ምልክት የያዘ ጥቁር አልማዝ የሚያዩት ያን ጊዜ ነው። ፊደል መቁረጥ ሲፈልጉ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይጠቀሙ። ፋይሉን ሲከፍቱም «ዩቲኤፍ 8 ነው» ብለው በግልጽ ይጻፉለት፤ በተለይ ዊንዶውስ ላይ ካልነገሩት በራሱ ግምት ይከፍተውና ጽሑፉን ያጨማልቀዋል።

ጥያቄ፦ ግሬፕን «ዓለም» ፈልግ ስለው «አለም» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝልኝም። ሁሉንም አጻጻፍ እየዘረዘርኩ ልኖር ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ለግሬፕ «ዓ» እና «አ» የ«በ» እና የ«ከ» ያህል የተለያዩ ናቸው። ድምፅ አይሰማም፣ ቁጥር ነው የሚያነጻጽረው። መፍትሔው ሁሉንም አጻጻፍ መፈለግ አይደለም። የጽሑፉን ኮፒ ወስደህ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት ነው። የምትፈልገውን ቃልም እንዲሁ ታደርገዋለህ።

ደስ የሚለው ነገር ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ ሲገባ (በ1999፣ ስሪት 3.0 ላይ) በሥርዓት ነው የተሰደረው። አንድ ቤተሰብ 8 ቦታ ይይዛል። «ሀ» 4608 ላይ ይጀምራል፣ «ለ» 4616 ላይ። ስለዚህ መቀየሪያ ሠንጠረዡን በእጅህ መጻፍ የለብህም፤ መደመርና መቀነስ ይበቃል። «ሠ» ላይ 16 ስትጨምር «ሰ» ይሆናል። ከ«ሐ» 16 ስትቀንስ «ሀ»። ከ«ኀ» 128 ስትቀንስም «ሀ»። ከ«ዐ» 48 ስትቀንስ «አ»። ከ«ፀ» 8 ስትቀንስ «ጸ»። እስከ ሳብዕ ድረስ 7ቱንም ፊደል በዚሁ ስሌት ትወስዳለህ። 8ኛውን ቦታ አትንካው፤ ሁሉም ቤተሰብ እዚያ ላይ አይገጥምም።

አሁን ወጥመዱ። «ዓለም»ን በዚህ ስታሳልፈው የምታገኘው «አለም»ን አይደለም። «ኣለም»ን ነው። «ዓ» ራብዕ ነውና ወደ ራብዑ ይሄዳል። ስለዚህ በመጨረሻ «ኣ»ን ወደ «አ»፣ «ሃ»ን ወደ «ሀ» የምትመልስበት አንድ እርምጃ ያስፈልግሃል። ብዙ ሰው እዚህች ላይ ነው «አልሠራም» ብሎ የሚተወው።

ዋናውን ጽሑፍ ግን እንዳትነካ፣ አደራ። «ሠረቀ» በግእዙ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ምሥራቅ ከእሱ ነው የመጣው። «ሰረቀ» ሌላ ሥራ ነው። ያቀላቀልከውን ተመልሰህ መለየት አትችልም።

ጥያቄ፦ (ከዚያው ጠያቂ) ገባኝ! ጽሑፉን በ«።» ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ስከፍለው ግን ከ300 መስመር 40 ብቻ ነው የተከፈለው።

መልስ፦ ቀሪው በሁለት «፡» የተጻፈ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። «፡፡» እና «።» ለዓይን አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው 2 ምልክት፣ ሁለተኛው 1። በላቲኑ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ የሚመቱም አሉ። ሁለቱንም መጀመሪያ ወደ «።» ቀይር፣ ከዚያ ክፈል።

ጥያቄ፦ ቁጥሮችን ሶርት ሳደርግ 10 ከ9 ይቀድማል።

መልስ፦ እንደ ቃል እያነበበው ነው፤ 1 ከ9 ይቀድማላ። የ«ኤን» አማራጭን ጨምሪ።

ጥያቄ፦ በጥቅስ ምልክት መካከል ያለውን ብቻ ማውጣት ፈለግኩ። «".*"» ብዬ ጻፍኩ። ከመጀመሪያው ጥቅስ እስከ መስመሩ የመጨረሻ ጥቅስ ጠራርጎ ወሰደው።

መልስ፦ ነጥቧ «ማንኛውም ፊደል»፣ ኮከቧ «የፈለገውን ያህል ጊዜ» ማለት ናቸው፤ ኮከቧ ደግሞ ሆዳም ናት። የቻለችውን ያህል ትውጣለች፣ ከዚያ ሲጨንቃት ነው ትንሽ የምትመልሰው። «ጥቅስ፣ ከዚያ ጥቅስ ያልሆነ ማንኛውም ነገር፣ ከዚያ ጥቅስ» በላት፦ «"[^"]*"»። ፓይተን ላይ ከኮከቧ በኋላ የጥያቄ ምልክት በመጨመር ሆዷን ማሳነስ ይቻላል፤ ተራው ግሬፕ ግን ያንን አያውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ልመድ፣ የትም ይሠራል።

ጥያቄ፦ የሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ሠንጠረዥ) በኦክ በኮማ እየቆረጥኩ ነው። አንዳንዱ መስመር ላይ ዓምዱ ይዘበራረቃል።

መልስ፦ አድራሻ ወይም ስም ውስጥ ኮማ አለ፤ በጥቅስ ታጥሮ። ኦክ ጥቅሱን ከቁብ ሳይቆጥረው ይቆርጣል።

ኦክን እወደዋለሁ። ከ1977 ጀምሮ አለ፣ ስሙም የሦስት ሰዎች ስም መነሻ ፊደላት ነው፦ አሆ፣ ዋይንበርገር፣ ከርኒሃን። ለሎግ ፋይልና በባዶ ቦታ ለተለየ ሠንጠረዥ የሚያህለው የለም። ለሲኤስቪ ግን ፓይተን ውስጥ ያለውን የሲኤስቪ ሞጁል ተጠቀም። አዳዲሶቹ ኦኮች ሲኤስቪ የሚያነቡበት አማራጭ ጨምረዋል፤ ነገር ግን የምትሠራበት ማሽን ላይ የትኛው እንዳለ ሳታይ አትመነው።

ጥያቄ፦ እና ባሽ ልማር ወይስ ፓይተን?

መልስ፦ ሥራው «ይህን ፕሮግራም ጥራ፣ ውጤቱን ለዚያኛው አቀብል» ከሆነ ባሽ። የምትነካው ጽሑፉን ራሱን ከሆነ ፓይተን። ስክሪፕትህ ባሽ ሆኖ 50 መስመር ካለፈ እኔ በበኩሌ እሰጋለሁ።

ጥያቄ፦ በፎርሉፕ (አንድን ሥራ በየፋይሉ በሚደጋግመው ትእዛዝ) የፋይሎችን ስም እየቀየርኩ ነበር። «የመጨረሻ ሪፖርት» የሚለውን ፋይል ሁለት ፋይል አድርጎ ቆጠረው።

መልስ፦ ሼሉ ባዶ ቦታ ሲያይ ይቆርጣል። የተለዋዋጩን (የፋይሉን ስም በየተራ የሚይዘውን) ስም ሁልጊዜ በድርብ ጥቅስ ውስጥ አስገቢው። የኤልኤስን (ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ኮማንድ) ውጤት ደግሞ ለፎርሉፕ አትስጪ፤ ኮከብ ምልክቱን በቀጥታ ስጪው፣ ስሞቹን ሳይቆራርጥ ያመጣቸዋል። እውነተኛውን ቅየራ ከማድረግሽ በፊት ኮማንዱ ፊት ኢኮ ጨምረሽ አሂጂው። ሊሠራ የነበረውን ይጽፍልሻል እንጂ አይሠራውም።

ጥያቄ፦ ያቺ ከዊንዶውስ የመጣችው ነኝ። ተሠራ፣ ተባረክ! አሁን ደግሞ ፓይተን «ስም የሚባል ዓምድ የለም» ይለኛል። የመጀመሪያው ዓምድ እኮ «ስም» ነው። ሌሎቹን ሁሉ ያገኛቸዋል።

መልስ፦ ፋይሉን ከኤክሴል ነው ሴቭ ያደረግሽው፣ አይደል? «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8» በሚለው። ያኔ ኤክሴል ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 3 ባይት ይተክላል፦ 239፣ 187፣ 191። «ይህ ዩቲኤፍ 8 ነው» የሚል ምልክት ነው፤ ስክሪን ላይ አይታይም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓምድሽ ስም «ስም» አይደለም፤ የማይታይ ነገር የተለጠፈበት «ስም» ነው። ሌሎቹ የተገኙት መጀመሪያ ላይ ስላልሆኑ ነው።

ፋይሉን ስትከፍቺ ከዩቲኤፍ 8 ቀጥሎ ሰረዝና «ሲግ» ጨምሪበት፣ ፓይተን ምልክቱን ራሱ ይጥለዋል። እንቢ ካለሽ ነገ ተመለሺ። ስትመጪ ግን የፋይሉን የመጀመሪያ 3 ባይቶች በቁጥር ይዘሽ ነይ።