ስለ ስፕሪንግ ቡት ገጽ ሌይአውት ጠይቁኝ

ዛሬ ማታ እዚሁ ነኝ፤ በስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ዌብ ፕሮግራም መሥሪያ) እና በታይምሊፍ (ኤችቲኤምኤል ገጹን ሞልቶ የሚያወጣው መሣሪያ) ገጽ ስታደራጁ የከበዳችሁን ወርውሩልኝ። «አልሰራም» ብቻ አትበሉኝ፣ ኤረሩ ምን እንደሚል ጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ሄደር፣ ሜኑና ፉተር በየገጹ ኮፒ እያደረግኩ ፋይሉ በዛብኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሰላም። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ሄደሩን ለብቻው ፋይል አድርገህ ከየገጹ መጥራት ነው። ሌላው ግልብጡ ነው፤ አንድ ሌይአውት ፋይል ሙሉውን ገጽ ይይዝና መሃሉን ክፍት ይተዋል፣ እያንዳንዱ ገጽ ያንን ክፍት ቦታ ብቻ ይሞላል። ገጽህ ብዙ ከሆነ ሁለተኛውን ያዝ። የታይምሊፍ ሌይአውት ዳያሌክትን (ይህንን የሚያሠራውን ላይብረሪ) ዲፔንደንሲ ጨምር፤ ስፕሪንግ ቡት ራሱ ያገኘዋል፣ ቢን ምናምን እያልክ የማዋቀሪያ ኮድ መጻፍ የለብህም። ከዚያ ሌይአውቱ ላይ መሃሉን «ኮንተንት» የሚል ፍራግመንት (ስም ያለው የገጽ ቁራጭ) ታደርገዋለህ፣ ገጹ ላይ ደግሞ ኤችቲኤምኤል ታጉ ላይ በሌይአውት ዲኮሬት የሌይአውቱን ፋይል ትጠቁምና በዚያው በ«ኮንተንት» ስም ይዘትህን ታስቀምጣለህ። ስሙ በአንድ ፊደል ቢለያይ ኤረር አይወጣም! ዝም ብሎ የሌይአውቱን ባዶ መሃል ነው የሚያሳይህ። ቦዲው ውስጥ ከፍራግመንቱ ውጭ የጻፍከውም ድራሹ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ ቆንጆ ይሰራል። ጃር (ሁሉም የታሸገበት አንድ ፋይል) አድርጌ ሰርቨር ላይ ስጭነው ግን ቴምፕሌቱን፣ ማለትም የገጹን ፋይል፣ ማግኘት አልቻልኩም ይላል። ራሴን ልስት ነው።

መልስ፦ አትሳት፣ ይሄ የታወቀ ነው። ኮንትሮለርህ (ጥያቄውን ተቀብሎ የትኛው ገጽ እንደሚታይ የሚወስነው ክላስ) የሚመልሰው የገጽ ስም በስላሽ ይጀምራል? ስፕሪንግ ቡት ከፊቱ የቴምፕሌትስ ፎልደሩን ከነስላሹ ይጨምርበታል፣ ስለዚህ ሁለት ስላሽ ይደረደራል። ላፕቶፕህ ላይ ፋይሉ ተራ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደ አንድ ቆጥሮ ያሳልፈዋል። ጃር ውስጥ ግን ስሙ ፊደል በፊደል ነው የሚፈለገው፣ ሁለት ስላሽ ያለው ፋይል ደግሞ እዚያ የለም። የመጀመሪያውን ስላሽ አጥፋው። በገጾቹ ውስጥ ፍራግመንት የምትጠራባቸውንም ፈትሽ፣ ሰው እነሱን ይረሳል። ካልሆነ ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው፤ ዊንዶውስ ለይቶ አያይም፣ ሊኑክስ ያያል።

ጥያቄ፦ ፍራግመንት ስጠራ ኢንሰርትና ሪፕሌስ ምን ይለያቸዋል?

መልስ፦ ኢንሰርት የጠራሽበትን ታግ አስቀርቶ ፍራግመንቱን ውስጡ ይከታል። ሪፕሌስ ታጉን ራሱን ይተካዋል። ሲኤስኤስሽ በማያስፈልግ ዲቭ ከተበላሸ ሪፕሌስ ተጠቀሚ። ኢንክሉድ የሚል የድሮ ትምህርት ካየሽ እለፊው፤ ከታይምሊፍ 3.0 ጀምሮ አይመከርም።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ያለው ሲስተም በታይልስ (የድሮ የሌይአውት መሣሪያ) እና በጄኤስፒ (የድሮው የጃቫ ገጽ መጻፊያ) የተሠራ ነው። ወደ ስፕሪንግ ቡት 3 እንሂድ ተብሏል። ታይልሱን ይዘን መሄድ እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም፣ ለአለቃህም ከአሁኑ ንገረው። ባለቤቱ አፓቼ ታይልስን እ.ኤ.አ. በ2018 ጡረታ አውጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ስፕሪንግ 6 (ስፕሪንግ ቡት 3 የቆመበት) ደግሞ ድጋፉን ጭራሽ አነሳው። የሰርቭሌት (የጃቫ ዌብ መሠረት የሆነው) ፓኬጅ ስም ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ስለተቀየረ የድሮውን ጃር ጎትተህ ብታስገባም አይነሳም። እኔ ብሆን ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ አልነካም። መጀመሪያ አሁን ባላችሁበት ቨርዥን ላይ ታይምሊፍ ጨምሩ፣ አዲሶቹን ገጾች አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉና በቪው ኔምስ ሴቲንጉ ታይምሊፍ እነሱን ብቻ እንዲይዝ ንገሩት። የቀረው በጄኤስፒ ይቀጥላል። ገጽ በገጽ ታዛውራላችሁ፤ የታይልስ ኤክስኤምኤሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዴፊኒሽን የትኛው ገጽ የትኛውን ሌይአውት እንደሚለብስ ስለሚነግራችሁ እንደ ዝርዝር ተጠቀሙበት። ጄኤስፒው ሲያልቅ ያኔ ወደ 3 ዝለሉ።

ጥያቄ፦ ጄኤስፒ ላይ ሜኑዬ ውስጥ ያለው አማርኛ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነ።

መልስ፦ ፔጅ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 በይው። ካልነገርሽው ጄኤስፒ የሚይዘው የላቲን ኢንኮዲንግ ነው፣ ፊደላችንን አያውቅም። ሜኑው በኢንክሉድ ዳይሬክቲቭ የሚገባ ፋይል ከሆነ እዚያም ፋይል ላይ ጻፊው፤ ዋናው ገጽ ላይ ያለው አይወርስለትም። ታይምሊፍ በስፕሪንግ ቡት ከመነሻው ዩቲኤፍ 8 ስለሆነ ይሄ ጣጣ የለበትም፣ ፋይሉን ራሱን በሌላ ኢንኮዲንግ ካላስቀመጥሽው በቀር።

ጥያቄ፦ ያለሁበትን ገጽ ሜኑው ላይ ማቅለም ፈልጌ ታይምሊፍ ላይ ከሪኩዌስት ዩአርኤሉን ላወጣ ስል ነል (ባዶ) ነው ይለኛል። ድሮ ይሰራ ነበር።

መልስ፦ ታይምሊፍ 3.1 ሪኩዌስትንና ሴሽንን ከቴምፕሌት በቀጥታ መጥራትን ለደህንነት ሲባል አንስቶታል፣ ስፕሪንግ ቡት 3 ይዞት የሚመጣውም እሱን ነው። አንድ ኮንትሮለር አድቫይስ ክላስ (ለሁሉም ኮንትሮለር የሚሠራ) ጻፍ፣ ውስጡ ሞዴል አትሪቢውት ያለው ሜተድ አድርግና ዩአርኤሉን መልስ። ሌይአውቱ ከሁሉም ገጽ ያገኘዋል። የተጠቃሚውን ስምም በዚያው አሳልፈው።

ጥያቄ፦ ስንት ሌይአውት ይበቃል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፤ ለሕዝብ አንድ፣ ለአድሚን አንድ። ሎግኢን ገጹን ያለ ሌይአውት ተወው፣ ሜኑ ምን ይሠራለታል? ሌይአውት በሌላ ሌይአውት ላይ፣ ያም በሌላ ላይ የተደራረበበት ፕሮጀክት አይቻለሁ፤ አንድ ሎጎ ለመቀየር የትኛው ፋይል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።