ልጄ ምስጢሯን የምታወራው ለስልኳ ነው

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። የ17 ዓመት ልጄ የሆዷን ሁሉ የምታወራው ስልኳ ላይ ላለው ቻት ጂፒቲ ለሚባል ፕሮግራም ነው። ለምን ስላት «እሱ አይቆጣኝም፤ ጸሎትም ይጽፍልኛል፤ ንስሐ አባት ምን ያደርጉልኛል?» አለችኝ። ጎረቤቶቼ «ይሄ የ666 ሥራ ነው» ይሉኛል። ስልኩን ልቀማት? ለንስሐ አባታችንስ ልንገርባት?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። 666ቱን ተዪው። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ይህ ቁጥር ይነሣል። ጥፋቱን ሁሉ በዕቃው ላይ ስንጭን የራሳችንን ቤት ሳንመረምር እናልፋለን።

እኔን ያሳሰበኝ የልጅሽ የመጨረሻ ቃል ነው። ይህን ከብዙ ወጣቶች ሰምቻለሁ፤ ከትልልቆችም ጭምር። ንስሐ ማለት ምክር መቀበል ይመስላቸዋል። ምክሩን ሌላ ቦታ ካገኙ ካህኑ ትርፍ ይሆንባቸዋል። አይደለም። ምክርማ መጽሐፍም ይሰጣል። ጌታ ለሐዋርያት «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ያለው (ዮሐ. 20፥23) ሥልጣን ሲሰጣቸው ነው። ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» የሚለው በዚህ ሥልጣን ነው። ቀኖና ይሰጣታል፣ በክርስትና ስሟ ይጸልይላታል፣ ስትወድቅ ደግሞ ይፈልጋታል። ስለ ነፍሷ በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል። ስልኩ በማንም ፊት አይጠየቅላትም።

ቻት ጂፒቲ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኦፕን ኤአይ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ያወጣው ፕሮግራም ነው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ መልስ ይገጣጥማል። ስለዚህ አንዳንዴ የሌለ ጥቅስ ከነምዕራፉ ይፈጥራል። ጸሎት ወይም ጥቅስ ሲጽፍላት «ነይ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችንን ገልጠን እንየው» በያት። ሌላም አለ። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ራሱ አንድ ማሻሻያውን መልሶ አንሥቷል፤ ምክንያቱም ሰውን ከልክ በላይ እያሞካሸ አስቸገረ። ሁልጊዜ «ልክ ነሽ» የሚል ወዳጅ ደግሞ ለ17 ዓመት ልጅ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፤ አትቀየሚኝ። ልጅሽ «አይቆጣኝም» ስትል ስለ ስልኩ ብቻ አልነገረችሽም። ስለ ቤታችሁም ነግራሻለች። ደክመሽ እንደምትገቢ አውቃለሁ፤ ፈረቃ ሰውን ያደቃል። ግን ልጅ ስትናገር ገና ሳትጨርስ «ወይ ጉዴ!» ካልናት፣ ሁለተኛ አትነግረንም።

የኢዮብን ወዳጆች አስቢ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሕመሙ ስለበረታ አንድ ቃል አልተነፈሱም (ኢዮ. 2፥13)። ያ ሁሉ ክርክር የመጣው መናገር ሲጀምሩ ነው። ማሽን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ከማንም ጋር መሬት ላይ አይቀመጥም። አንቺ ትችያለሽ። ለልጅሽ ጥሩ መልስ ላይኖርሽ ይችላል፤ አያስጨንቅሽ።

ስለዚህ ስልኩን አትቀሚያት። ከቀማሻት በጓደኛዋ ስልክ ትቀጥላለች፤ ከአንቺም ትደበቃለች። ግን ዝም ብለሽም አትተያት። የድርጅቱ ደንብ ራሱ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ ስለዚህ የመጠየቅ መብት አለሽ። ለትምህርቷ ትጠቀምበት። ማታ ግን ስልክ መኝታ ክፍል አይግባ፤ የአንቺም ጭምር። የጓዳ ምስጢሯንም እንዳትጽፍበት ንገሪያት፤ የጻፈችው በሩቅ አገር ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባጃጁን ትታችሁ በሐይቁ ዳር በእግር ሂዱ። «በመንገድም ስትሄድ» የሚለውን ትእዛዝ (ዘዳ. 6፥7) ብዙዎቻችን ረስተነዋል። ልጅ ደግሞ ፊት ለፊት ከምትጠየቅ ይልቅ ጎን ለጎን ስትራመድ ይቀላታል።

ለንስሐ አባታችሁ የልጅሽን ምስጢር አታውሪባት። የእሷ ነው፣ እሷ ትንገራቸው። አንቺ ስለ ራስሽ ቁጣና ድካም ተናዘዢ። እናቷ ስትሄድ ካየች እሷም አንድ ቀን «አብሬሽ ልምጣ» ማለቷ አይቀርም።

ይህን ግን ለነገ አትበዪ፦ ራሷን ስለ መጉዳት ካወራች፣ ለስልኩም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጃት። ጸሎቱና ጸበሉ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል።