መጀመሪያ ሸሚዙ ይውለቅ

ትከሻዬን አመመኝ ያለ ሰው ፊታችሁ ሲቀመጥ እጃችሁ ቶሎ ወደ ራጅ ማዘዣው እንደሚሄድ አውቃለሁ። የእኔም ይሄድ ነበር። እስኪ መጀመሪያ ሸሚዙን ያውልቅ። ሁለቱንም ትከሻ ከፊትም ከኋላም እዩ፤ የጎደለው የሚታወቀው ከደህናው ጋር ሲተያይ ነው። ከኋላ ስታዩት አንዱ ወገን ጡንቻው ከስቶ ጎድጎድ ካለ፣ ሰውየው «ትናንት ነው የጀመረኝ» ቢላችሁም ነገሩ ቆይቷል።

ቀጥሎ እጁን ራሱ ያንሳ። ከዚያ ዘና በል በሉትና እናንተ አንሱለት። ለእኔ የምርመራው ግማሽ ይቺ ናት። ራሱ አቅቶት በእናንተ እጅ ከተነሳ ጅማት ተቆርጦ ወይም ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በእናንተም እጅ አልሄድ ካለ መገጣጠሚያው ራሱ ተይዟል። ክርኑን ጎኑ ላይ አስጠግታችሁ ክንዱን ወደ ውጭ ስታዞሩት እንቢ ካለና ራጁ ንጹህ ከሆነ ፍሮዝን ሾልደርን፣ ማለትም የመገጣጠሚያው ሽፋን ተኮማትሮ ትከሻው የሚደርቅበትን ሕመም፣ አስቡ፣ በተለይ ስኳር ካለበት።

ይቺን ወደ ውጭ ማዞር የሙጥኝ ያልኩት በጥፋቴ ነው። ወጣት ሆኜ፣ ሌሊት ተረኛ ሳለሁ፣ የሚጥል በሽታ ጥሎት የተነሳ ሰው መጣ። እጁን ሆዱ ላይ አጣብቆ ይዟል። አንድ የፊት ለፊት ራጅ አስነሳሁት፣ ደህና መሰለኝ፣ ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እጁን እንደዚያው ሆዱ ላይ እንዳደረገ ተመለሰ። ትከሻው ወደ ኋላ ወልቆ ነበር። የፊት ለፊት ራጅ ብቻ ካነሳችሁ በቀላሉ የሚያመልጥ ውልቃት ነው፤ በብብት በኩልም መነሳት ነበረበት። ግን ራጁን ተዉት፣ ያን ክንድ ወደ ውጭ ላዙር ብል ኖሮ አልዞርም ማለቱ ይበቃኝ ነበር።

ክንዱን እያነሳችሁ፣ እያዞራችሁ ወይም እየተጫናችሁ ሕመሙን የምትፈልጉባቸውን፣ ስም ያላቸውን ፈተናዎች፣ ኒርን፣ ሆኪንስን፣ ጆብን፣ ተማሯቸው። አንዱ ስላሳመመው ብቻ ግን አትፍረዱ፣ ያበጠ ትከሻ ሁሉም ያሳምመዋል። ኤምአርአይም ቢሆን ዕድሜው የገፋ ሰው ላይ ጨርሶ የማያመውን የተቆረጠ ጅማት ሊያሳያችሁ ይችላል። አንገቱንም ሳታዩ አትልቀቁት፤ ትከሻ ላይ የሚሰማው ሕመም ከአንገት ነርቭ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የወለቀ ትከሻ ልትመልሱ ስትሉ ደግሞ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ የላይኛውን ክንድ ውጫዊ ቆዳ በጣታችሁ ነካ ነካ አድርጉና ይሰማው እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን ጻፉት። ከመለሳችሁ በኋላም ድገሙት። መደንዘዝ የነርቭ ጉዳት ምልክት ነው፤ ቀድሞ ካልተጻፈ በኋላ የእናንተ ሥራ ይመስላል።