ከሆድ ማጥበቅ ኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣ ድንዛዜ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለተነሱ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሆድ የማጥበቅ ኦፕራሲዮን (ተሚ ታክ) አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ተሠርተው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች ጥያቄዎች እነሆ። በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶችም ጠይቀዋል።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ከእምብርቴ በታች ስነካው የሌላ ሰው ሆድ ይመስለኛል። ነርቭ ተበላሽቶ ነው?

አብሽሪ እህቴ፣ የሚጠበቅ ነው። ሐኪሙ ቆዳውንና ስቡን ከጡንቻው ሽፋን ላይ ገልጦ እስከ ጎድን አጥንት ሥር ድረስ ያነሳዋል። ከጎድን አጥንቶች መሐል መጥተው ጡንቻውን በስተው ወደ ቆዳ የሚወጡ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፤ ቆዳው ሲነሳ እነሱ ይቆረጣሉ። ከጎን የሚመጡት ግን በብዛት ይተርፋሉ። ጎንሽ እየተሰማሽ መሐሉ የጠፋው ለዚህ ነው።

እኮ መቼ ይመለሳል?

የተቆረጠ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ በወር 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ እሱም ጠባሳ ካላገደው። አብዛኛው ለውጥ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይታያል፤ እስከ 2 ዓመትም ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። ከጠባሳው በላይ ያለ ትንሽ ቦታ ለዘለቄታው ደንዝዞ የሚቀርባቸው ሰዎች አሉ። ይህን ከአሁኑ ማወቅ ይሻላል።

ስሜት ከዳር ወደ መሐል ነው የሚገባው። በየቀኑ እየነካካሽ አትጨነቂ፤ በወር አንዴ ለኪው። ዓይንሽን ጨፍነሽ በቁራጭ ጥጥ ከዳሌሽ ወደ እምብርትሽ ቀስ እያልሽ ሂጂ። ጥጡ የጠፋብሽ ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጊ፣ ከእምብርት ያለውን ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ለክተሽ ጻፊ። ባለፈው ወር 9 ሳንቲ ሜትር የነበረው በዚህ ወር 7 ከሆነ እየተመለሰ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ አራተኛ ወሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል፤ አንዳንዴም እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል።

ነርቩ እያደገ ነው። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከደረቀና ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ ቆዳውን አለማምጂው፦ መጀመሪያ ጥጥ፣ ሲለምድ ነጠላ፣ ከዚያ ፎጣ። በቀን 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ደቂቃ፣ እያየሽ። ማየቱ ዋጋ አለው፣ አእምሮ ቦታውን እንደገና ይማራል። ከብልት በላይ ስትነኪ ከእምብርት በላይ የተነካሽ ቢመስልሽ አትደንግጪ። የላይኛው ቆዳ ወደ ታች ተስቦ ስለተሰፋ ነው፤ አእምሮሽ ገና የድሮውን ቦታ ይዟል።

አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ስትመቺው ወደ ብሽሽት የሚወረወር ሹል ሕመም ካለና ከወራት በኋላም ካልቀነሰ ግን ነርቭ በጠባሳ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። በመርፌም በመድኃኒትም የሚታከም ነው።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ ብርዱ ከብዶኛል። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ ሆዴ ላይ ባደርግ? እናቴ ደግሞ ወይባ ጭስ ሙቂ ትለኛለች።

ሁለቱንም አታድርጊ። ድንዛዜው በራሱ አይጎዳሽም፤ የሚጎዳው የማይሰማ ቆዳ ላይ የሚደረግ ነገር ነው። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ በ5 ሰከንድ ገደማ ያቃጥላል፤ 44 ዲግሪ ብቻ የሆነውም ለሰዓታት ከተጣበቀ ቆዳ ያበስላል። ጤነኛ ሰው «አቃጠለኝ» ብሎ ያነሳዋል፤ አንቺ ግን ተኝተሽ ጠዋት ውሃ የቋጠረ ፊኛ ታገኛለሽ። የተነሳው ቆዳ የደም ሥሮቹም ስለተቀነሱ ቁስሉ ቶሎ አይድንም።

ከበረደሽ እግርሽን አሙቂ፣ ካልሲና ጋቢ ይበቃል። ገላሽን የምትታጠቢበትን ውሃ በክርንሽ ፈትሺ። ከሰል ፊት ስትቀመጪ ሆድሽን ወደ እሳቱ አታዙሪ፣ እንጀራ ስትጋግሪም ምጣዱ ላይ አትደገፊ። በረዶም እንደዚያው ነው፣ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም። ከተቃጠለ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አፍስሺበት። ቅቤና የጥርስ ሳሙና አትቀቢ፤ ወዲያው ጤና ተቋም ሂጂ።

ድንዛዜ ሲባል ሰፈራችን ሥጋ ደዌ ነው የሚለው፤ ቦሩ ሜዳ ልሂድ እንዴ?

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና የቆየ ስም ስላለው ጥያቄው ይገባኛል። በሥጋ ደዌ የደነዘዘ ቦታ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ የነጣ ወይም የቀላ ምልክት አለው፤ ኦፕራሲዮንም አይጠብቅም። ያንቺ ግን ከኦፕራሲዮኑ ቀን የጀመረና ከጠባሳው በላይ ያለ ነው። ሌላ ቦታ ላይ፣ እጅ ወይም ፊት ላይ የደነዘዘ ምልክት ካለሽ ግን ተመርመሪ፤ በመድኃኒት ይድናል።

ሆዴ ደህና ነው፤ የሚያቃጥለኝና የደነዘዘው ጭኔ ነው፣ በውጭ በኩል።

ወደዚያ የሚወርደው ነርቭ ከዳሌ አጥንት ፊት ለፊት ባለው ጫፍ አጠገብ ያልፋል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የምታስሪውን የሆድ ቀበቶ ላላ አድርገሽ ሞክሪ፤ መቀነት ከላዩ ከጨመርሽ አውልቂው። በ2 ሳምንት ካልቀነሰ ለሠራሽ ሐኪም ንገሪ። ቀበቶው እጥፋት እንዳይሠራም በቀን 2 ጊዜ ፍቺና ቆዳውን እዪ፤ እጥፋቱ ሲቆረቁር አይሰማሽም።

የነርቭ ቪታሚን ያፋጥናል?

ቢ12 የሚጠቅመው በደም ምርመራ እጥረት ላለበት ነው። ስኳር ያለባቸው ስኳራቸውን ይቆጣጠሩ፤ ሲጋራም ይቁም፣ ቆዳውን እስከማጥቆር ይደርሳል።

በኦፕራሲዮን የወለድኩ ነኝ፤ ለኔስ?

ከጠባሳው በላይ ጥቂት ጣት ያህል መደንዘዝ የተለመደ ነው። ቦታው ስለሚያንስ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይመለሳል። የእሳቱ ማስጠንቀቂያ ግን ላንቺም እኩል ነው፣ በተለይ አራስ ቤት።

ባል ነኝ፤ በየቀኑ ምን ልይላት?

ኢንፌክሽን ሲገባ ላያማት ስለሚችል በዓይን ማየቱ ያንተ ድርሻ ነው። ጠዋት ጠዋት በብርሃን ተመልከት፦ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ መግል፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ የጠቆረ ቆዳ፣ ሲጫኑት ውሃ እንዳለበት ላስቲክ የሚወዛወዝ እብጠት፣ ትኩሳት። ከእነዚህ አንዱ ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዳት። አንድ እግሯ አብጦ ባቷ ካመማት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት፤ ያ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ገና ከአዲስ አበባ የምትመጣ ከሆነ መንገዱ ረጅም ነውና በየሰዓቱ መኪናው ቆሞ 5 ደቂቃ ትራመድ።